የጭራ ቆጠራ

መስከረም 9

ይድረስ ለተከበሩት የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ ተመስገን ነው፤ እናቴም ወገቧን ከማማረርና እኔን ከመቆጣት በቀር ደህና ናት። ፈጣሪ ያሉበትን አገር የሰላም ያድርግልዎ፤ ሊፍት ጠጋኝ ሆነዋል ስለሚባል ከወጡበት ከፍታ ሁሉ በደህና ያውርድዎ።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩኝ እናቴ አዝላኝ ነበር አሉ፤ ስለዚህ ማን እንደሆንኩ ላስረዳዎት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ የራሴን ልብ ወለድ እጽፋለሁ።

የምጽፈው ስለ ፍቅር እንዳይመስልዎት። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ፣ ፀሐይዋ በአቧራ በተጋረደች ሌላ ዓለም ላይ ስለሚዋጋ አንድ ጦር ነው። ሁለተኛም ጀምሬአለሁ፤ እሱ የጨለማ ተረት ነው። ስም የሚበላ ንጉሥ አለ፤ ከመዝገቡ ላይ የሰረዘውን ሰው የገዛ እናቱ ትረሳዋለች። እናቴ ይህን ስነግራት "የሚበላ ነገር ጠፍቶ ነው ስም የሚበላው?" አለችና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።

ችግሬ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ተሰብስበን የጻፍነውን እናነባለን። ከመሃላችን አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር አሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ሰምተው ወታደሮቼ የሚነጋገሩት እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ነው አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ፣ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። ይህ መጽሐፍ ካልሆነልኝ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አቤቱታ ስተይብ መቅረቴ ነው።

ከዘመዶቻችን ወታደር ከነበሩት መካከል በሕይወት እንዳሉ የማውቀው እርስዎን ብቻ ነው። ገንዘብ ልትጠይቀኝ ነው ብለው አይደንግጡ፤ የምጠይቀው ወሬ ነው። ወታደር በእግር ሲሄድ ምን ያያል? ምን ያወራል? ሲፈራ እጁን የት ያደርጋል? ያሰቡትን ያህል ይጻፉልኝ።

አድራሻዎን ከእናቴ ደብተር ነው የሰረቅኩት። ስጠይቃት "እሱን ተይው፣ ማውራት የሚወድ ሰው አይደለም" ብላኝ ነበር። እስቲ ያሳፍሯት።

አክባሪዎ፣
የጽሕፈት ቤቷ ልጅ

*

ጥቅምት 17

ለደራሲዋ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ገብቶ ከራስጌሽ ይቀመጥ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከሊፍቱ ሞተር ጎን ቆሜ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የቅባት ጣሳ። ገመዱ ሲጠቀለል ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ የእጅ ጽሑፌ ከተንቀጠቀጠብሽ እርጅና ነው ብለሽ አታሚኝ።

እናቴን ያሳፍሯት ብለሽኛል፤ ይኸው። በልብ ወለድሽ ውስጥ ወታደሮቹ ስለ አገርና ስለ ክብር ሳያወሩ አይቀሩም። የእኔ ልጅ፣ ወታደር ስለ ካልሲ ነው የሚያወራው። ማን ደረቅ ካልሲ እንዳለው፣ ማን እንደሰረቀ፣ ማን ለሲጋራ እንደለወጠ። ሲፈራ ዝም አይልም፤ እንዲያውም ቀልድ ያበዛል፤ ዝም ያለ ቀን ነው የሚያስፈራው። እጁን የት ያደርጋል ላልሽው፣ ቁልፎቹን ይነካካል። ሁላችንም የሸሚዛችን ሁለተኛ ቁልፍ የላላ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ይህን በየትም መጽሐፍ አታገኚውም። እኛ "ጭራ ቆጠራ" እንለው ነበር። ጭጋግ ሲወርድ ከፊትሽ ካለው ሰው ጀርባ በቀር ምንም አይታይም፤ መጮህም አይቻልም። አለቃው "ቁጠር" ሲል ቃሉ በሹክሹክታ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላው ሰው የሌለው "አንድ" ይልና የፊተኛውን ትከሻ ይነካል፤ እሱ "ሁለት" ይላል፤ እንዲህ እያለ ወደ ፊት ይመጣል። ከአለቃችን ጀርባ ሃያ ሦስት ነበርን። እኔ ሬዲዮ ተሸካሚ ስለነበርኩ ከእሱ ቀጥሎ ነበር የምሄደው፤ የመጨረሻውን ቁጥር የምነግረው እኔ ነኝ። "ሃያ ሦስት" ስለው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ "ሙሉ ነው" ይላል፣ እንቀጥላለን። ለሁሉ ነገር "ሙሉ ነው" ማለት ይወድ ነበር፤ ለጥይት ሳጥንም፣ ለውሃ በርሜልም። ጭራ ቆጠራን የፈጠረው እሱ ነው። ሌላው ጦር ሁሉ ከፊት ነበር የሚቆጥረው፤ እኛ ብቻ ነን ከጭራ የቆጠርነው።

ጭራ ላይ የሚሄደው እግሩ የታመመ ሰው ነው። እኛ ጋ "አንድ" የሚለው ሰው ጥሩ ድምፅ ነበረው።

ይበቃል። ከእያንዳንዱ ገጽ ታች፣ በቀኝ ጥግ፣ ትንንሽ ነጥቦች ታያለሽ። የሬዲዮኛ ልማድ ነው። መልእክት መሃል ላይ ከተቆረጠ ምን ያህል እንደቀረ እንዲታወቅ ገጼን ወደ ታች ነው የምቆጥረው። ይህ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነው፤ የፊተኛው ሁለት ነጥብ፣ ይኸኛው አንድ። አንድ ነጥብ ላይ ያላለቀ ደብዳቤ ከእኔ ከደረሰሽ መንገድ ላይ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው።

ስሜን መጽሐፍሽ ላይ አታንሺው። እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ካልመለሰችም አትጫኛት።

በጦር ሜዳ ስሜ፣
ሽቦ

*

ኅዳር 12

ይድረስ ለውድ ጋሼ ሽቦ (ስሙን ወደድኩት፣ ይቅር ይበሉኝ)፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ገመድዎ አይበጠስ። ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ካልሲውን ምዕራፍ አራት ላይ አስገባሁት፤ የታሪክ መምህሩ "አሁን ወታደር ሸተተኝ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ እንደ ሽልማት ነው።

ዋናው ግን ጭራ ቆጠራው ነው። ስለ እሱ ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ቀን፣ አንድ ጠበቃ የሰጠኝን ክስ እየተየብኩ ሳለ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ሙሉውን መጣልኝ። ክሱን አቁሜ ጻፍኩት። እንዲህ ነው። ጦሩ በአቧራ ውስጥ ይሄዳል። አለቃው "ቁጠር" ይላል። ቁጥሩ ከጭራ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ሬዲዮ ተሸካሚው ጋ ሲደርስ ግን ሃያ ሦስት ሳይሆን አሥራ ዘጠኝ ነው። አራት ሰው የለም። ሬዲዮ ተሸካሚው "አሥራ ዘጠኝ" ይላል። ተመልሶ መፈለግ ቀን ያስመሽበታል፤ አለቃው ደግሞ በሰዓቱ እደርሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ትንሽ ይቆምና ዞር ሳይል "ሙሉ ነው" ይላል። ሬዲዮ ተሸካሚውም ዝም ይላል። ሲደርሱ አራቱ ከዱ ተብሎ በሬዲዮ ይላካል፤ የሚልከውም ያው ዝም ያለው ሰው ነው።

ስጨርሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ነገር የጻፍኩ መሰለኝ። ኮፒውን አብሬ ልኬልዎታለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው ስለ ጫማ ነው፤ የራሰ ጫማ አውልቆ መተኛት ይሻላል ወይስ እንዳደረጉት?

ሁለተኛው ከልብ ወለዱ ውጪ ነው። አባቴ ከእርስዎ ጋር አንድ ጦር ውስጥ ነበር ይባላል። እናቴ የምትለኝ አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ ከዳ። ከሰርጋቸው ፎቶ ላይ ፊቱን በመቀስ ቆርጣ አውጥታዋለች፤ ልጅ ሆኜ አባቴን ስፈልግ የማገኘው ያንን ክብ ቀዳዳ ነበር። ሰፈር ውስጥ የከዳተኛ ልጅ ሲሉኝ ነው ያደግኩት፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ግን ያውቁት ከነበረ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር? አንድ መስመር ይበቃኛል።

ልጅዎ

*

ጥር 21

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዘገየሁ።

ምዕራፍ ዘጠኝን ማን ነገረሽ? እኔ አልነገርኩሽም። እናትሽ ልትነግርሽ አትችልም፤ አታውቅም። ማን እንደነገረሽ ስሙንና የት እንዳገኘሽው ቶሎ ጻፊልኝ።

ያን ምዕራፍ ቅደጂው። ለማንም አታንብቢው። ጭራ ቆጠራውንም አውጪው፤ ከፊት ይቆጠሩ። አንባቢ ልዩነቱን አያውቅም።

ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

ሽቦ

*

የካቲት 11

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን ልበል እንጂ እኔ እንኳ ደህና አይደለሁም። ከሁለት ወር በላይ የፖስታ ሳጥን ስከፍት ስዘጋ ከርሜ የደረሰችኝ ባለ አንድ ነጥብ ደብዳቤ ተቆጥታ መጣች። ምን አጠፋሁ?

ማንም አልነገረኝም። በእናቴ ስም፣ ፈጠርኩት። ልብ ወለድ ውስጥ ቆጠራ ካለ አንድ ቀን መጉደሉ አይቀርም፤ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ማን ያነበዋል? ከጎደለ ደግሞ አለቃው አንድ ነገር ማድረግ አለበት፤ ከሁሉ የከፋውን መረጥኩለት። የኔ ሥራ ይኸው ነው።

ቅደጂው ላሉኝ ግን ጊዜው አልፏል። ታኅሣሥ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ አነበብኩት። እስካሁን እንደዚያ የተደመጠልኝ ቀን የለም፤ የታሪክ መምህሩ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ። አዲስ ሰውም መጥተው ነበር፤ በር አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ በሕንፃ መሣሪያ ንግድ የታወቁ ናቸው። ሰው ሲበተን ቀሩና ወደ እኔ መጡ። ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? እርስዎ ያሉኝን።

"ይህን ማን ነገረሽ?"

እኔ ራሴ አሰብኩት ብል ጉራ መሰለኝ። ደግሞ ክብሩ ለእርስዎ እንዲሆን ፈለግኩ። ስለዚህ ሁሉንም ከእናቴ የአክስት ልጅ ሰማሁት፣ ሬዲዮ ተሸካሚ ነበሩ፣ አሁን በውጭ አገር ሊፍት ይጠግናሉ አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። የድሮ ወታደሮችን መርዳት እንደሚወዱ ነገሩኝና አድራሻዎን ጠየቁኝ፤ ጻፍኩላቸው። ሰላምታ ይልኩልዎታል ብዬ ነው። ደርሶዎት ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ደጋፊዬ ሆነዋል። መጽሐፉን በራሳቸው ወጪ ሊያሳትሙልኝ ነው፤ ከመሞቴ በፊት ስሜን በሽፋን ላይ ላየው ነው ጋሼ። እየመጡ ሱቃችን በር ላይ ባለችው ወንበር ይቀመጣሉ። ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። ሰዓታቸውን ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረው ስለሚያስሩት፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲያዩ መዳፋቸውን የሚያነቡ ይመስላሉ። የመጽሐፉን ረቂቅ፣ ሦስት መቶ አሥር ገጽ፣ ስሰጣቸው ይቁጠሩት ብላቸው ገልበጥ እንኳ ሳያደርጉት ብብታቸው ሥር ከተቱና "ሙሉ ነው" አሉ። የእርስዎን አለቃ አስታወሱኝና ሳቄ መጣ።

የሱቃችን የፖስታ ሳጥን ቁልፉ ተሰብሮ ደብዳቤ እየጠፋ ነበር። እሳቸው ከፖስታ ቤቱ ጋር ተነጋግረው ከጥር መጨረሻ ጀምሮ የሱቁ ፖስታ ሁሉ በእሳቸው ሳጥን እንዲገባ አደረጉ፤ ራሳቸው ያመጡልናል። የእርስዎ የጥሯም ደብዳቤ በእሳቸው እጅ ነው የደረሰችኝ። ስለዚህ እርስዎ እንደ ድሮው በሱቁ አድራሻ ይጻፉ፤ ምንም አይለወጥም።

ቁጣዎ በረድ ሲል ሁለተኛዋን ጥያቄዬን ያስታውሱልኝ።

ያስቀየመችዎ ልጅዎ

*

የካቲት 16

ለልጄ፣ ለደራሲዋ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ለእናትሽም ወገብ ምሕረት ይላክላት። መልስሽ ገና አልደረሰኝም፤ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶኝ ነው የምጽፈው።

የጥር ወሩ ደብዳቤዬ ደብዳቤ አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። ለልጅ እንዲህ አይጻፍም። ስልከው ተናድጄ ነበር፣ ከላክኩት በኋላ ግን ምዕራፍሽን ደጋግሜ አነበብኩትና ማንም እንዳልነገረሽ ገባኝ። ራስሽ ነሽ ያሰብሽው። ሰው ቁጭ ብሎ በሃሳቡ ብቻ እንዲህ ያለ ቦታ መድረስ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ደራሲ ነሽ፤ ማንም አይደለሽም ቢልሽ እኔ ምስክር ነኝ።

• • • • •

ስለ ራሴ የጠየቅሽኝ ሁሉ ሲደመር ይህ ነው፦ ክፍሌ አንድ ናት፣ ጎረቤቴ መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ሬዲዮ ከፍ አድርጌ ብሰማ የሚቆጣኝ የለም። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሊፍት የት እንዳለ ሁልጊዜ ይናገራል፤ እንደ ሰው አያሳስብም።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሞተሩን እያጸዳሁ ሳለ ሊፍቱ ከታች ተነስቶ እኔ ድረስ መጣ። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ማንም የለም። ሠላሳ ሰከንድ ቆሞ ተዘጋና ወረደ። ታች ወርጄ እንግዳ ተቀባይዋን ስጠይቃት አንድ በደንብ የለበሰ ሰው ገብቶ የመጨረሻውን ፎቅ ተጭኖ ወዲያው ወጣ አለችኝ። ሊፍት ጠጋኙ በስንት ሰዓት እንደሚገባና እንደሚወጣ ጠይቋታል። ሽቦ የሚባለው ሰው እዚህ ነው ወይ የሚሠራው ብሏት፣ እንደዚህ የሚባል ሰው የለም ብላዋለች። እዚህ አገር በዚያ ስም የሚያውቀኝ የለም። ምናልባት አንቺ ላክሽው ብዬ አሰብኩ።

• • • •

አሁን ወደ መጽሐፍሽ ልመለስ። በኅዳር ደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጠይቀሽኝ ነበር፤ ሁለቱንም ሳልመልስ ማለፌ አሳፍሮኛል።

የመጀመሪያው የጫማው ነው። የራሰ ጫማ ካወለቅሽው ጠዋት አይገባም፤ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይጠብቃል። ስለዚህ ክሩን ላላ አድርጎ እንዳደረጉት መተኛት ነው። የታመመ እግር ያለው ሰው ግን ምርጫ የለውም፤ ጫማውን በቢላ ይሰነጥቀውና በጨርቅ ጠፍሮ ይሄድበታል። እንደዚያ ያለ ሰው በቀን የሚሄደው መንገድ አጭር ነው፤ ሌሎቹ ሦስትና አራት ሆነው እየተቀያየሩ ይደግፉታል። ይህን ከምዕራፍ ዘጠኝ ቀደም ብለሽ ብታስገቢው ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይኸው ተመለሰ።

• • •

*

ሚያዝያ 2

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና እጅዎ ይግባ፤ ከገባም ቆመው ሳይሆን በር ዘግተው ያንብቡት። ከሱቁ አልላክሁትም። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ሄጄ፣ ማንም ከማያውቀኝ ከተማ ነው ፖስታ ቤት የገባሁት።

የየካቲት 16 ደብዳቤዎ መጋቢት 28 ቀን ደረሰኝ። አርባ ሁለት ቀን። አዛውንቱ ራሳቸው አመጡልኝ። ፖስታው ጎኑ ላይ ሸካራ ነበር፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ስጠርዝና ስለጥፍ የምውል ሰው ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ሙጫ የተቀባ ወረቀት በጣቴ አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆመው እስካነበው ጠበቁኝ። ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው አምስት ነጥብ አለው፣ ሁለተኛው አራት፣ ሦስተኛው ሦስት። ሦስተኛው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተዘግቷል፤ ስምዎ ግን ከሥሩ የለም።

ደግሜ ገለበጥኩት። አዛውንቱ ሰዓታቸውን አዩ፣ መዳፋቸውን።

"ሙሉ ነው" አሉኝ፤ እኔ ምንም ሳልጠይቃቸው።

ያኔ ነው የገባኝ ጋሼ። እዚያው ቆሜ፣ ፎቶ ኮፒው እየሠራ፣ ከፊቴ የቆመውን ሰው ማን እንደሆነ አወቅኩት። የፈጠርኩት መስሎኝ የነበረውን አለቃ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አመሰገንኳቸው። "ጋሼ ስለ ጫማ ነው የጻፉልኝ" አልኩ። ፈገግ አሉና መልስ ስጽፍ ለእሳቸው እንድሰጣቸው፣ እሳቸው በፍጥነት የሚልኩበት መንገድ እንዳላቸው ነገሩኝ። እርስዎ ስለ ሊፍቱ የጻፉበትን ገጽ እሳቸው የተዉልኝ ሳያስተውሉት ይሁን እንዳስተውለው ፈልገው አላውቅም። ሰው አልላክሁብዎትም። አድራሻዎን ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ራሴ ያሰብኩትን ነገር ከእርስዎ ሰማሁ ያልኩትም እኔ ነኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

ቤት ሄጄ ሦስቱን ገጾች ለእናቴ አነበብኩላት። ጫማውን በቢላ የሰነጠቀው ሰው ጋ ስደርስ እጇን አነሳች፤ አቁሚ ማለቷ ነው። ሃያ አራት ዓመት ያላወጣችውን ነገር ያን ጊዜ አወጣችው። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጽፍላት እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ብሎት በቢላ እንደቀደደው ነግሯት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከድቷል የሚል ወረቀት መጣ።

"በዚያ እግር የት ይከዳል?" አለችኝ። "ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን ወረቀቱ ማኅተም ነበረው።"

ተነስታ የመርፌ ቆርቆሮዋን ከፈተች። ከክሮቹ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከሰርጉ ፎቶ የቆረጠችው ክብ ወረቀት አለ። አልጣለችውም ጋሼ። ቆርጣ አውጥታ አስቀምጣዋለች። አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ፊቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ሁለተኛው የሸሚዝ ቁልፉ አይታይም፤ መቀሱ ከአገጩ ሥር ነው የቆረጠው። አልቅሰን ስናበቃ እናቴ ፎቶውን ቀዳዳው ላይ አስቀምጣ በጣቷ ይዛ ቆየች።

ስለዚህ በጎደሉት ሁለት ገጾች ላይ ከነበረው ግማሹን አውቃለሁ። ጭራ ላይ የሚሄደው እግሩ የታመመው ነው ብለውኝ ነበር፤ ሦስቱ ደግሞ እየደገፉት የነበሩት ናቸው። ጥሩ ድምፅ ያለው፣ "አንድ" የሚለው ሰው አባቴ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ያለው ሰው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ስሙን በሬዲዮ የላከውንም። ያን ጊዜ ዝም ማለትዎ ያመኛል፤ አያመኝም ብል ውሸት ነው። ግን ሁለት ገጽ ጽፈው ነበር። መጻፍዎን ነጥቦቹ ነግረውኛል። የተቀረውን ግማሽ፣ የት እንደቀሩ፣ ማን እንዳየ፣ እኔ ልፈጥረው አልችልም። ልፈጥረውም አልፈልግም፤ ይህን አንዱን ከእርስዎ ነው የምፈልገው።

ለየካቲቱ ደብዳቤዬ መልስ ጽፈው ከሆነ አልደረሰኝም። ማን እጅ እንደገባ መገመት አያቅትዎትም። አሁን ከዚያ ሕንፃ ይውጡ። ዛሬውኑ። በደብዳቤ ጠቅሰውት በማያውቁት ቦታ ይደሩ። የእናቴን የሥራ ቦታ አድራሻ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ከእንግዲህ በእሱ ይጻፉ።

ስለ እኔ እንዲያውቁ ያህል፣ መጽሐፉ አይታተምም፤ ቢያንስ በእሳቸው አይታተምም። ረቂቁን መልሱልኝ ብላቸው "ጊዜው ሲደርስ" አሉኝ። ግን ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራን ልጅ ወረቀት ወስዶ ማስቀረት ከባድ ነው። ምዕራፍ ዘጠኝን ሦስት መቶ ኮፒ አባዝቼ፣ የፊታችን ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ወንበሮች ላይ ሁሉ አስቀምጠዋለሁ። አቧራውን አውጥቼ ጭጋግ አስገብቼበታለሁ። ሌላውን ዓለምም አውጥቼዋለሁ። የታሪክ መምህሩን አማከርኳቸው፤ እሳቸው አጠገቤ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። ትናንት ከሱቁ ፊት ለፊት አንድ መኪና ቆሞ ዋለ። ዛሬም ነበር። መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም።

ፈርቻለሁ። የሸሚዜን ሁለተኛ ቁልፍ ስነካካ ራሴን ያዝኩት፤ ትላንት ተበጠሰ፣ እናቴ ሰፋችልኝ።

ይህ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነው፤ ጥጉን ይመልከቱ። የመጨረሻው ይኸኛው ነው። አንድ ነጥብ ላይ ከደረሰልዎ ምንም አልጎደለም። ከእኔ ኋላ ማንም የለም ጋሼ፤ የአባቴ ቦታ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ትከሻዎን ነክቼዎታለሁ፤ ሁለት ይበሉና ይላኩልኝ። እስኪመጣ እቆያለሁ።

አንድ።

•